ለሽፍታው የወረወርኩት በረባሶ

በእኛ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ አክተር ማለት የማይሞተው ሰው ማለት ነበር። የሕንድ ፊልም ላይ አንድ አክተር አለ፣ አንዲት ቆንጆ አለች፣ አንዲት እናት አለች፤ የቀረው ሁሉ ሽፍታ ነው። ሽፍታ ስም የለውም። ይመጣል፣ ይመታል፣ ይወድቃል፣ ሌላ ሽፍታ ይተካል። እኔ ግን የሽፍቶቹን ፊት አንድ በአንድ አውቀው ነበር፤ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ትኬት የምቀድ እኔ ነበርኩና። ሰው አንድን ፊልም አንድ ጊዜ ያያል፣ ሲበዛ ሦስት ጊዜ። እኔ ትኬቱን ቀድጄ ስጨርስ ገብቼ ከኋላ እቆማለሁ። ፊልሙ ወር ከቆየ ወሩን ሙሉ አየዋለሁ። አክተሩን ስጠግበው ዓይኔ ወደ ሽፍቶቹ ሄደ።

ከእነሱ መሀል አንዱን አምርሬ ጠላሁት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥርሱ ነጭ። ሲስቅ መጀመሪያ በአፍንጫው ነው፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ አለቀ ስትል ሆዱን ይዞ ይለቀዋል። ዋናውን ስሙን የሚያነብልን ስለሌለ «ዕውሯ እናት» ብለን የጠራነው ፊልም ነበር። እዚያ ላይ ይህ ሰው ዓይነ ስውሯን እናት በጥፊ ይመታል፣ መትቶም እንደዚያ ይስቃል። የእኔ እናት ከሞተች ዓመት አልሞላትም ነበር። ከኋላ ቆሜ ሳለሁ እጄ ወደ እግሬ ሄደ፤ በረባሶዬን አወለቅሁና ወረወርኩት። በረባሶ ከጎማ የተቆረጠ ነው፣ አይምርም። ፊልሙ የሚታይበት መጋረጃ ደግሞ አቡጀዲ ነው። በግራ በኩል ተተረተረ።

ባለቤቱ አላባረረኝም። መርፌና ክር ሰጠኝና «ራስህ ስፋው» አለኝ። ሰፋሁት፣ በላዩ ኖራ ቀባሁበት። ከዚያ በኋላ የመጣ ፊልም ሁሉ ሰማዩ ላይ ጠባሳ ነበረው። ተመልካቹም «የሽፍታው ቁስል» ይለው ነበር።

አንድ ነገር ግን ሲከነክነኝ ኖሯል። ፊልሙ መጨረሻ ላይ አክተሩ ያንን ሽፍታ ከፎቅ ይወረውረዋል፤ የአትክልት ጋሪ ላይ ይወድቃል። ሽፍታ ሲወድቅ አጯጯሁ የታወቀ ነው፣ ሁሉም አፉን ከፍቶ ያስረዝመዋል። የዚህኛው አጭር ነበር። ጥርሱን እንደነከሰ ሰው፣ አምልጦት የወጣ ድምፅ። ሕዝቡ እዚያ ጋ ያጨበጭባል፣ ያፏጫል። እኔም አብሬ አጨበጭባለሁ፤ ድምፁ ሲመጣ ግን እጄ ይቆማል። ለምን እንደሚቆም አላውቅም ነበር። ለማንም አልነገርኩም።

አሁን ያለሁት ጆሃንስበርግ ነው። ከመጣሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ሱቅ ነበረኝ፤ ሁለት ጊዜ ተዘረፍኩ፣ ሦስተኛውን አልጠበቅሁም። ትሮይቪል አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ቀን ቀን ፎርድስበርግ የጨርቅ ሱቅ በር ላይ ጥበቃ ነኝ። ከወጣትነቴ እስከ እርጅናዬ በር ላይ መቆም አልቀረልኝም። የሱቁ ባለቤት ሕንዳዊት ናት፣ እዚህ አገር አግብታ የቀረች። ሰው አታስቀይምም፣ ግን ቀልድ አታውቅም። እኔን ባባ ትለኛለች፣ አባቴ ማለቷ ነው፤ ደንበኞቹም «ሳውቦና ባባ» እያሉ ሰላም ብለውኝ ነው የሚገቡት።

ከሁለት ዓመት በፊት እናቷ ሕንድ አገር ሞተችና አባቷን አመጣችው። ሰማንያውን ያለፈ ሽማግሌ ነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እንዲሞቅ ወንበር አውጥታ ከእኔ አጠገብ፣ በሩ ላይ ታስቀምጠው ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንገታችንን ብቻ እየነቀነቅን ሰላም ስንባባል ከረምን።

አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ገብታ የሱቁን ጨርቅ ሁሉ አስወረደች። ሠራተኞቹ መሰላል ላይ ወጥተው ወርደው ላብ በላብ ሆኑ። እሷ ሁሉንም ዳብሳ ዳብሳ ስታበቃ ለትራስ ሽፋን አንድ ሜትር ብቻ እንደምትፈልግ ተናገረች። ሽማግሌው ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው። ከዚያ ዝም አለ። እኔ ከኋላዬ ሰው የነካኝ ያህል ዞርኩ፤ ዞሬም ሳላበቃ ሆዱን ይዞ ለቀቀው።

አየሁት። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው። የሻይ ስኒውን የያዘበት ግራ እጁ ክርኑ ላይ አይዘረጋም።

«አንተ» አልኩት። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ ቢኖረውም እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ አልጠቀምበትም። «አንተ ዓይነ ስውሯን እናት በጥፊ መትተሃል።»

ስኒውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ነው ያስቀመጠው።

«የት አየኸኝ?»

«ድሬዳዋ።»

«ድሬዳዋ የት ነው?»

«ኢትዮጵያ፣ ባቡሩ የሚያልፍበት ከተማ። በረባሶ ወርውሬብሃለሁ።»

በረባሶ ምን እንደሆነ አላወቀም፤ ጫማ መሆኑን በእጄ አሳየሁት። ትንሽ አሰበ።

«አገኘኸኝ?»

«ጉንጭህን ስቼ አጠገብህ ያለውን ግድግዳ ቀደድኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቁጭ ብዬ ሰፋሁህ።»

እንደዚያ ሲስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም። የሽፍታው ሳቅ አልነበረም። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ። እሱ ዝም ሲል እኔ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ነገር ጠየቅሁት።

«ጋሪው ላይ ስትወድቅ የጮህከው የውሸት አይደለም አይደል?»

ግራ እጁን አነሳና እንደ ከዘራ የቆለመመውን ክርኑን አሳየኝ። ጋሪው ውስጥ ከአትክልቱ በታች ገለባ መነስነስ ነበረበት። ረሱት። ወደቀ፣ ተሰበረ። ዳይሬክተሩ ጩኸቱን ስለወደደው ደግሞ ማንሳት አላስፈለገም፤ እንዳለ ፊልሙ ውስጥ ቀረ።

«ስለዚያ ጩኸት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለኝ። «የራሴ ሚስት እንኳ።»

ከዚያ ቀን በኋላ በሩ ላይ ሁለት ሆንን። እሱ ያወራል፣ እኔ ያየሁትን እጨምርለታለሁ። በዚያ ፊልም ማን ማን እንደተሸለመ በጣቱ ይቆጥራል፦ አክተሩ ሐውልት ወሰደ፣ እናቲቱ ወሰደች፣ ዘፈኑ ወሰደ፣ ዳይሬክተሩ ወሰደ። እሱ በዚያ ሌሊት አዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ የጠራው አልነበረም፣ ቤቱ ተኝቷል። እሱን የሸለመው ሌላ ነው። ሥራቸው መውደቅና መመታት የሆኑ ሰዎች የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው። አንድ ዓመት እነሱ ግቢያቸው ውስጥ ጠሩትና ሻይና ብስኩት አቅርበው የክንድ ያህል እንኳ የማትሞላ የነሐስ ሐውልት ሰጡት፤ የሚወድቅ ሰው ቅርጽ ናት። በኋላ የክረምት ጎርፍ ቤታቸው ገባና ከድስትና ከፎቶግራፍ ጋር ወሰዳት። በሕይወቱ ያገኘው ሽልማት ያ ነው።

ልጁ ይህን አታምንም። እናቷ ያሳደገቻት አባትሽ ፊልም ቤት ጸሐፊ ነው እያለች ነው። ባሏ እየተመታ እንጀራ እንደሚበላ ለልጅ መንገር ሴትየዋን አሳፍሯት ይሆናል፤ አልፈርድባትም።

«ባባ፣ አትስማው» ትለኛለች ልጅቱ። «ጸሐፊ ነበር። ሲያረጅ ተረት ጀመረው።»

«እኔ አይቼዋለሁ።»

«አንተም እኮ አርጅተሃል፣ ባባ።»

ይህንን ስትል ክፋት የላትም። የእሷ ልጆች ግን አያታቸው ሲያልፍ ከወንበር ላይ ይወድቁና «ካሜራ» እያሉ ይሳሳቃሉ። እሱም አብሯቸው ለመሳቅ ይሞክራል።

የሰፈሩ ሕንዶች ማኅበር በየዓመቱ አዳራሽ ይከራይና ለሥራቸው ሽማግሌዎችን ያከብራል። ሐኪም፣ አስተማሪ፣ የመድረክ ዘፋኝ። ሽማግሌው ለማንም ሳይናገር በራሱ እጅ ማመልከቻ ጽፎ አስገባ። የፊልሙን ስም፣ የእሱን ስም፣ የነሐሷን ነገር ሁሉ ጽፏል። መልሱ ሱቁ ድረስ መጣ፤ ልጁ ቀድዳ ደንበኛ ፊት አነበበችው። ፊልሙን አግኝተናል፣ የተዋንያን ዝርዝር ላይ ስምዎ የለም፣ ማስረጃ ካለዎት ያቅርቡ ይላል።

«አባዬ፣ ለምን ታዋርደኛለህ?» አለችው።

 ወረቀቱን ተቀብሎ አጠፈው፣ አጠፈው፣ የጣት ያህል እስኪሆን አጠፈው። በማግስቱ በሩ ላይ አልወጣም። በሳልስቱም። ወንበሩ ባዶውን ፀሐይ ሲሞቅ ሳምንት ሆነው። ልጅቷን ስጠይቃት «ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፣ ሻይም አይጠጣም» አለችኝ፤ እሷም ደንግጣለች።

ማስረጃ የሚሉትን ቃል እኔ አውቀዋለሁ። የስደት ወረቀቴን ለማሳደስ መስኮት ፊት በቆምኩ ቁጥር እሱን ነው የምጠየቀው። ከአገርህ መሰደድህን ምን ያስረዳል ይሉኛል። እኔ ነኛ፣ ይኸው ቆሜ የለም ወይ? ሰው ለራሱ ማስረጃ አይሆንም። ሌላ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ያ ሌላ ሰው አልነበረኝም። ይህ ሽማግሌ ግን አለው፤ በር ላይ ቆሟል።

ቤቱ ሄጄ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ተወው» አለኝ ወደ ግድግዳው ዞሮ።

«አልተውም።»

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ሽማግሌ እልካለሁ።»

አልገባውም፤ እኔም አላስረዳሁትም። ልወጣ ስል ግን ጠራኝ። «እዚያ መድረክ ላይ ከወጣሁ» አለ፣ «ጫማህን ደግመህ ወርውርልኝ። ካልሆነ መሸለሜን አላምንም።» ቀልዱን ነበር። እኔ ግን ቃል አድርጌ ያዝኩት።

በአገራችን ሰው ትልቅ ነገር ሲፈልግ ሦስት ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ገብተው ይቆማሉ። ተቀመጡ ቢባሉ አይቀመጡም። ጉዳዩ እሺ እስኪባል በእግራቸው ናቸው፤ ባለቤቱም እንግዳ አቁሞ ማዋል ስለሚያፍር ይሸነፋል። በዚህ ልጅ ይዳራል፣ ደም ይታረቃል። ለሽልማት ተሠርቶበት አያውቅ ይሆናል፤ እኔ ምን ቸገረኝ።

ሁለት ሰው ጨመርኩ። አንዱ ሮዘተንቪል የሚኖር ብርድ ልብስ ነጋዴ ነው፣ የሆሳዕና ሰው፣ ባኪ የምትባል የጭነት መኪና አለችው። ሁለተኛው ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው፣ ጎጃሜ ነው፤ ምርቃት ሲያወርድ ዛፍ ያለመልማል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላችንን እንደለበስን ሦስታችንም መኪናዋ ፊት ተጣብበን ተቀመጥን።

«ጋሼ፣ የማንን ልጅ ልናጭ ነው?» አለኝ የሮዘተንቪሉ።

«አናጭም። አንድ የሕንድ ሽማግሌ ልናስከብር ነው።»

«ምን ሠርቶ?»

«እናት በጥፊ መትቶ።»

መሪውን እንደያዘ ዞሮ አየኝ። መንገዱን እይ አልኩት።

«አንቱ፣ እናት የመታ በእኛ አገር ይወገዛል እንጂ አይሸለምም» አለ የኦሬንጅ ፋርሙ።

«አንቱ አትበለኝ ብዬሃለሁ። የውሸት ጥፊ ነው። ፊልም ነው።»

«የውሸት ከሆነማ ለምን ይሸለማል?»

«ውሸቱን እውነት አስመስሎ ነዋ። እኔን በረባሶ አስወርውሮኛል።»

የሮዘተንቪሉ ጥቂት ነዳና «በግ ያርዱልናል?» አለ።

«ሥጋ አይበሉም።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ይህን ቀድመህ ብትነግረኝ ጠዋት በልቼ እመጣ አልነበር?»

የማኅበሩ ቢሮ ከአዳራሹ በላይ ፎቅ ላይ ነው። ሊቀመንበሩ መድኃኒት ቤት ያለው ሰው ነው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ይሠራል። ከእሱ ጋር አንዲት አስተማሪ ላፕቶፕ ይዛ ተቀምጣለች፤ ማመልከቻዎቹን የመረመረችው እሷ ናት። ገባንና በሩ ጋ ተደርድረን ቆምን።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ተቀመጡ» አለ ሊቀመንበሩ።

«አንቀመጥም» አልኩ። «ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው።»

«ተቀምጣችሁ ንገሩኝ።»

«ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም።»

አስተማሪዋ ተነስታ ራሷ ሦስት ወንበር አምጥታ ከኋላችን ደረደረች። ማንም አልዞረም። ሻይ መጣ፤ አልተነካም። ሊቀመንበሩ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፣ እኛን አየ፣ ነጠላችንን አየ።

«ቶይ ቶይ ነው?» አለ። እዚህ አገር ሰልፍ ሲወጡ እየዘለሉ የሚዘፍኑትን ማለቱ ነው።

«አንዘልም» አለ የሮዘተንቪሉ። «ጉልበት የለንም።»

ሰውየው ስልክ አንስቶ ጥበቃ ጠራ። ጥበቃው መጣና እኔን ሲያይ ቆቡን አወለቀ፤ ጠዋት ጠዋት ታክሲ የምንጠብቀው አንድ ላይ ነው። «ማዳላ፣ ምን ሆንክ?» አለኝ፤ በእነሱ ቋንቋ ሽማግሌው ማለት ነው። ምንም አልኩት። ሊቀመንበሩን አየና ተመልሶ ወረደ።

ነገሩን ተናገርኩ። እንግሊዝኛዬ የመንገድ ነው፣ ግን አልተንተባተብኩም። እናንተ ማስረጃ ብላችኋል፣ ማስረጃው እኔ ነኝ አልኩ።

«አባቴ» አለችኝ አስተማሪዋ በትሕትና፣ «እኔ ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ስማቸው የለም።»

«የሽፍታ ስም አይጻፍም። ስሙን ተይው፣ ፊቱን ፈልጊ። ፊልሙን ክፈቺ።»

«እሺ፣ ይምጡና ያሳዩኝ።»

«እኔ አላይም። ላፕቶፑን ወደ እናንተ አዙሩት፣ እኔ ጀርባዬን እሰጣለሁ። እኔ ልናገር፣ እናንተ እዩ። አንድ ነገር ከሳትኩ ወንበራችሁን ሳልነካ እሄዳለሁ።»

የኦሬንጅ ፋርሙ በአማርኛ «አንቱ፣ ሃምሳ ዓመት እኮ ነው» ብሎ ሹክ አለኝ። ዝም በል አልኩት፤ አንቱ ማለቱን እንኳ አልተቆጣሁም።  ብስት ሽማግሌው ግድግዳውን እያየ ይሞታል።

ዞርኩና በሩን አየሁ። ዝናብ ያለበት ዘፈን ካለቀ በኋላ ክፈቱት አልኳቸው። አገኙት። ድምፁ ሲመጣ ድሬ ሸተተኝ፤ የላብና የለውዝ ሽታ።

«መጋዘን ነው» አልኩ። «ከላይ በግራ ደረጃ ሰው ይወርዳል። ነጭ ሱሪ ነው፣ ላይተር በእጁ ያበራል ያጠፋል። ሦስት ጊዜ። እናቲቱ ወንበር ላይ ታስራለች፤ ዞሮ ከኋላዋ ይመጣል። አሁን መታት።»

የጥፊው ድምፅ ተሰማ።

«አሁን በአፍንጫው ይስቃል። ዝም አለ። አሁን ይለቀዋል።»

ሳቁ ክፍሉን ሞላው። የሮዘተንቪሉ ወደ ላፕቶፑ ተጠግቶ ማየት ጀምሯል፤ እኔ ግን በሩን እንዳየሁ ነኝ። አክተሩ በመስኮት ገባ አልኩ፤ ሁለቱን ጣላቸው፤ ሦስተኛው ይህ ነው፣ ቡጢ ሲቀምስ ላይተሩ ይወድቅበታል፤ ደረጃውን እየሮጠ ይወጣል፤ ጣሪያው ጫፍ ላይ አንገቱን ይዞታል።

«ጋሪው ታየ?» አልኩ።

«ታየ» አለች አስተማሪዋ።

«ገለባ የለውም። ረስተውታል። አሁን በግራ ክንዱ ይወድቃል፤ ጩኸቱን ስሙት፣ የትወና አይደለም። አሁን።»

መጣ። አጭር፣ ጥርስ የተነከሰበት። በሁለተኛው አገር፣ በሁለተኛው ዕድሜዬ።  አስተማሪዋ ወደ ኋላ መልሳ ደገመችው፣ እንደገና ደገመችው፤ በሦስተኛው አጠፋችው።

«እጁ ሲታጠፍ ይታያል» አለች ለሊቀመንበሩ። «ወደማይታጠፍበት ነው የታጠፈው።»

«ነገ ጨርቅ ቤቱ ሂዱና ግራ እጅህን ዘርጋ በሉት» አልኩ ዞሬ። «አይዘረጋም። እሱ ነው ማስረጃው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይዞት ይዞራል።»

ሊቀመንበሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። የዚህ ዓመት ሦስት ተሸላሚዎች እንደተመረጡ፣ ሐውልቶቹም እንደታዘዙ፣ አራተኛ ሐውልት እንደሌለ ነገረን። የምስክር ወረቀት ግን ሊሰጡት ይችላሉ፤ ወረቀት ብቻ ከሆነ ታዝኑ ይሆናል አለ።

«ወረቀት ብቻ አትበል» አልኩት። «እኔ እዚህ አገር ሃያ ዓመት የተሰለፍኩት ለወረቀት ነው።»

«እንግዲያው እሺ። እሳቸውም ይከበራሉ። አሁን እባካችሁ ተቀመጡ።»

የኦሬንጅ ፋርሙ እጁን ዘርግቶ በአማርኛ መረቃቸው፤ ረጅም ነበር፣ ማንም አልተረጎመውም፣ እነሱም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ጨረሱት። ያን ጊዜ ተቀመጥን። የሮዘተንቪሉ ጉልበቱ ተንቋቋ። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር፤ ጠጣነው።

አስተማሪዋ በማግስቱ እውነትም ሱቁ መጣች፣ ላፕቶፑንም ይዛ። ልጅቱን የጨርቁ ጠረጴዛ ላይ አሳየቻት። እኔ በሩ ላይ ነኝ፣ ያየሁት ጀርባዋን ብቻ ነው። ጩኸቱ ሲመጣ ሜትር የምትለካበት እንጨት ከእጇ ወደቀ። ሱቁን ለሠራተኞቹ ትታ ወደ ቤት ሄደች። ምን እንዳለችው አልጠየቅሁም፤ እኔ ደግሞ ያልተነገረኝን አልጽፍም። በማግስቱ ግን ወንበሩን ራሷ ይዛ ወጣች፣ እሱ ከኋላዋ።

የሽልማቱ ምሽት አዳራሹ ሞላ። ልጅቱ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ከፊት ተቀምጣለች። ለእኔም ወንበር ይዘውልኝ ነበር፤ ልማድ ነው፣ ከኋላ በሩ ጋ ቆምኩ። በፌስታል የያዝኩት ነገር ነበረኝ። ዙሉዎች በረባሶ አላቸው፤ ኢምባዳዳ ይሉታል፣ እንደኛው ከጎማ የተቆረጠ ነው። ከአንድ መንገድ ዳር ሻጭ ገዝቼ ከዓመት በላይ አድርጌዋለሁ።

ሐኪሙ ወጣ፣ ሐውልቱን ተቀበለ። ሌሎቹም ወጡ። በመጨረሻ ስሙ ተጠራ። ልጁ ልትደግፈው ስትነሳ በእጁ መለሳትና ብቻውን ወጣ። ወረቀቱን ተቀበለ። ጭብጨባው ጨዋ ነበር፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚጨበጨበው። አመሰግናለሁ አለና መውረድ ሲገባው ቆሞ ቀረ። አዳራሹን አሻግሮ ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ ያያል።

ቃል ቃል ነው። ከፌስታሉ አወጣሁና ወረወርኩት።

ክንዴ የድሬው ክንድ አይደለም። በሰው ራስ ላይ አልፎ መድረኩ ጫፍ ላይ ያለውን የአበባ ማሰሮ መታና እግሩ አጠገብ ወደቀ። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ። ሕንዶች ዘንድ ጫማ መወርወር ምን ያህል ነውር እንደሆነ የኋላ ኋላ ነው የተነገረኝ። ያ የማውቀው ጥበቃ መጥቶ ክንዴን ያዘ፤ «ማዳላ፣ ዛሬስ አበድክ» አለኝ።

ሽማግሌው አጎነበሰ። ጊዜ ወሰደበት። በረባሶውን በቀኝ እጁ አንስቶ ከወረቀቱ ጋር በማይዘረጋው ክንዱ ሥር ወሸቀው። ከዚያ በአፍንጫው ሳቀ። ዝም አለ። ከፊት ያሉት የልጅ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። ከዚያ ለቀቀው፤ ያለ ማይክሮፎን፣ በሩ ጋ እስካለሁት እስከ እኔ ድረስ። ቀድማ ብድግ ያለችው ልጁ ናት። እያጨበጨበች ዞራ ሕዝቡን አየች፣ ለምን ተቀምጣችሁ የምትል ይመስል። ሕዝቡም ተነሳ። ጥበቃው ለማጨብጨብ ብሎ ክንዴን ለቀቀኝ።

ወረቀቱ አሁን ሱቁ ውስጥ በመስታወት ተሰቅሏል፣ ከነጭ ጨርቆቹ በላይ። በረባሶው ከጎኑ ምስማር ላይ ነው። ደንበኛ ይህ ምንድነው ብሎ ሲጠይቅ ልጁ ናት የምታስረዳው፤ በእጇ እያደረገች ታሳያለች፣ መውደቁን ሳይቀር። ያልመለሰልኝ በረባሶ ጥንዱ እኔ ቤት ትሮይቪል አልጋዬ ሥር አለ። የሮዘተንቪሉ ሲመጣ «ጋሼ፣ አንድ እግር ምን ይሠራልሃል፣ ጣለው» ይለኛል።

አልጥለውም። አንዱ እሱ ጋ ነው፣ አንዱ እኔ ጋ። ማስረጃ የሚል ካለ ይምጣና ያጋጥማቸው።